ሁለት ተራ በአንድ ሐምሌ

የቤት አስተዳደር ማለት ገንዘብንና እህልን መጠበቅ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዳሩ ግን ቤትን ከሚያናውጡት ነገሮች አንዱ የጊዜ ሒሳብ ጕድለት ነው። እህሉ በጎታ፥ ገንዘቡም በሣጥን ሳለ፥ ሁለት ወጪዎች ሳይታሰብ በአንድ ወር ቢገናኙ፥ ደህና ይኖር የነበረው ቤት ወደ ብድር ይሄዳል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን፥ እየተመላለሱ የሚመጡ ሁለት ነገሮች በስንት ጊዜ እንደሚገናኙ አስቀድሞ ስለሚያስታውቀው ሒሳብ ለመናገር አሰብን። ይኸንንም የመረጥነው ሊቅ ሆነን ለማስተማር ብለን አይደለም፤ እኛው ራሳችን በዚህ ሒሳብ ስለ ተሳሳትንና ስሕተታችንም አንዲት ጊደር ስላስከፈለን ነው።

የምንኖረው በላስታ ደጋ፥ በግዳን ወረዳ፥ በሙጃ ነው። እንደ አገራችን ልማድ ሁለት የጽዋ ማኅበር አለን። አንደኛው በየወሩ በ12 ቀን የሚጠጣው የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ሲሆን፥ ማኅበርተኞቹ 12 ቤት ናቸው። ሁለተኛው በየወሩ በ21 ቀን የሚጠጣው የእመቤታችን ማኅበር ነው፤ የዚህ ማኅበርተኞች ያን ጊዜ 8 ቤት ነበሩ። እንግዲህ የሚካኤል ተራ በየ12 ወሩ፥ የማርያም ተራ በየ8 ወሩ ወደ ቤታችን ይመጣል ማለት ነው። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስለሆነች፥ 12ም 21ም የላትምና በማኅበር ቍጥር አትገባም።

በ2006 ዓ.ም. በወርኃ ሐምሌ ሁለቱ ተራዎች አንድነት ደረሱብን። ሐምሌ 12 ቀን የሚካኤልን ደገስን፤ ዘጠኝ ቀን ቈይቶ ሐምሌ 21 ቀን የማርያምን ደገስን። ሐምሌ በደጋ ምን ዓይነት ወር እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የእኛ ማሳ በልግ አያበቅልም፥ የመኸር ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሐምሌ ያምናው ገብስ ወደ ጎታው ወለል ወርዷል፥ አዲሱም ገና ቡቃያ ነው፥ ማገዶውም ርሷል። ባለቤታችን የአንዱን ጠላ ጋን ሳታስከድን የሁለተኛውን ብቅል ታሰጣ ነበር፤ የሚያደርቅ ፀሐይ ግን አልነበረም። ብቅሉ በምድጃ ዳር ደረቀ፤ ጠላውም ጢስ ጢስ አለ። ማኅበርተኞቹ ጨዋ ሰዎች ናቸውና ምንም ሳይናገሩ ጠጡት።

ነገሩ ካለፈ በኋላ ባለቤታችን፥ «እንዲህ ያለው መገናኘት ደግሞ የሚመጣው መቼ ይሆን?» ብላ ጠየቀችን። እኛም በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን እየኰራን ወረቀትና እርሳስ አነሣን። 12ን በ8 አበዛን፥ 96 ሆነ። 96 ወር ደግሞ 8 ዓመት ነው። «እስከ 2014 ዓ.ም. ሐምሌ ድረስ አይገናኙምና አትስጊ» አልናት። ወረቀቱንም በሣጥን አስቀመጥነው።

በ2007 ዓ.ም. መጋቢት የማርያም ተራ ደረሰን። ፋሲካ የቱንም ያህል ቢፈጥን ከመጋቢት 26 ቀን አይቀድምምና፥ መጋቢት 21 ሁልጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል፤ ስለዚህ ድግሱ ቅቤም ሥጋም ሳይፈልግ በሽሮና በጠላ አለፈ። ያን ዕለት ማታ ባለቤታችን ጣቷን እያጠፈች፥ «ሐምሌ፥ መጋቢት፤ ከዚህ ቀጥሎ ኅዳር፤ ከዚያ ሐምሌ። በከርሞው ሐምሌ ይገናኛሉ እኮ!» አለች። እኛ ግን ከሣጥን ወረቀቱን አውጥተን አሳየናት። «እርስዎ ካሉ» ብላ ዝም አለች። የጻፍነውን ከማመን ይልቅ የምትቈጥረውን ብንሰማ ኖሮ፥ 16 ወር የመዘጋጃ ጊዜ ነበረን።

የ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በብዙው የአገራችን ክፍል የጐደለ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። በተከታዩ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሕዝብ የእህል ርዳታ እንደሚያሻው መንግሥት አስታወቀ። በእኛም ቤት ከአውድማ የገባው ገብስ ያምናውን እኩሌታ አልሞላም። በኅዳር ጽዮን ዕለት የማርያም ተራ ደረሰን፤ እርሱም በነቢያት ጾም ውስጥ ነውና በጥቂት ተፈጸመ። ከቀረው ገብስ ለዘር ለየን፤ ለሐምሌ የሚካኤል ተራ የሚበቃውን አኖርን፤ ሌላውን በላነው። ሐምሌ 12 ቀን የሚካኤል ማኅበር ተጠጥቶ ሰው ሲበተን፥ በዚያም ማኅበር ያሉት የማርያም ማኅበር ሙሴ በበሩ ላይ ቆም ብለው፥ «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እንግዲህ የፊታችን 21 ደግሞ ከዚሁ ከእናንተ ቤት ነው» አሉን።

በድርቅ ዓመት እህል እንደሚወደድ፥ ከብትም እንደሚረክስ የታወቀ ነው። ጊደራችንን ወደ ገበያ አወጣናት፤ በደህና ጊዜ ከምታወጣው ብዙ አንሳ ተሸጠች፤ በዋጋዋም ገብስና ጌሾ ገዛን። ማኅበሩ በሰዓቱ ተጠጣ። ባለቤታችን «ነግሬዎ ነበር» አላለችም፤ ባለማለቷም ይበልጥ አፈርን።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን እንደ ገና አውጥተን ስሕተቱን ፈለግን። ማባዛቱ አልተሳሳተም፤ 12 ጊዜ 8 በእውነት 96 ነው፤ በ96ኛውም ወር ሁለቱ ተራዎች በእውነት ይገናኛሉ። ነገር ግን ያ አራተኛው መገናኘታቸው ነው። አስቀድሞ በ24፥ በ48፥ በ72ኛውም ወር ተገናኝተዋል። 24ን ለ12 ብናካፍለው 2 ይደርሳል፥ ለ8 ብናካፍለውም 3 ይደርሳል፤ በሁለቱም የሚቀር የለም። ከ24 በታች ለሁለቱም እንዲህ የሚሆን ቍጥር አይገኝም። ይኸንን ቍጥር የሒሳብ መምህራን ትንሹ የጋራ ብዜት ይሉታል።

ታዲያ 96 ከየት መጣ? 12 ማለት 4 ጊዜ 3 ነው፤ 8 ማለትም 4 ጊዜ 2 ነው። 4 በሁለቱም ቤት የሚኖር የጋራ ገንዘብ ነው። እኛ ሁለቱን ስናበዛ ይኸንኑ አራት ሁለት ጊዜ ቈጠርነው፤ አንድ በሬ ለሁለት ወንድማማቾች የጋራ ሆኖ ሳለ፥ ሁለት በሬ ብሎ እንደ መመዝገብ ያለ ነው። ስለዚህ 96ን በዚያ በጋራው በ4 ማካፈል ነበረብን፤ 24 በሆነ ነበር።

የጋራውን ቍጥር፥ ማለት ትልቁን የጋራ አካፋይ፥ ለማግኘት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የነበረው የእስክንድርያው ኤውክሊድስ በመጽሐፉ ያሳየው ቀላል መንገድ አለ። ትንሹን ከትልቁ መቀነስ፥ ከቀሩትም ሁለቱ እንደ ገና ትንሹን ከትልቁ መቀነስ፥ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ይኸንኑ መደጋገም ነው። ከ12 ላይ 8 ቢቀነስ 4 ይቀራል፤ ከ8 ላይ 4 ቢቀነስ 4 ይቀራል፤ እኩል ሆኑ፥ የጋራው 4 ነው። ማባዛትና መቀነስ የሚያውቅ ልጅ ሁሉ ይኸንን ማድረግ ይችላል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ይኸንኑ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ጽፈው አስተምረውናል፤ ነገር ግን ከፈተና በቀር ለሌላ ይጠቅማል ብለን አላሰብንም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረን ሌላ ነው። ይኸንን ሒሳብ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከመግባታችን በፊት በቃላችን አጥንተነው ኖሯል። የኔታ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩን፥ ዐውዶቹን በዜማ ያህል እየደጋገምን እንቈጥር ነበር። ባሕረ ሐሳብ የእስክንድርያ 12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ የደረሰው ነው የሚባል፥ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት የዘመን ሒሳብ ነው። (ኤውክሊድስም ድሜጥሮስም የአንድ ከተማ ሰዎች መሆናቸው ደስ ያሰኛል።) በመስከረም 1 ቀን፥ በላሊበላም ሆነ በየደብሩ፥ የዓመቱ ጾምና በዓል የሚታወጀው በዚሁ ነው።

የዐውዶቹ ነገር እንዲህ ነው። የሳምንቱ ዕለታት 7 ናቸው። ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን፥ በማቴዎስ፥ በማርቆስ፥ በሉቃስና በዮሐንስ ስም እየተፈራረቁ ይጠራሉ፤ በሉቃስ ዓመት ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ዘመን መለወጫ በዛሬው ዕለትና በዛሬው ወንጌላዊ ተመልሶ የሚውለው መቼ ነው ቢባል፥ 4 እና 7 ከ1 በቀር ምንም የጋራ የላቸውምና እንዲያው ይበዛሉ፥ 28 ይሆናል፤ ይህ ዐውደ ፀሐይ ነው። የጨረቃው ሌሊት ቍጥር፥ አበቅቴ፥ በ19 ዓመት ይመለሳል፤ ይህ ዐውደ አበቅቴ ነው። አበቅቴና ወንጌላዊ የሚገናኙት 4 በ19 ተባዝቶ በ76 ዓመት ነው፤ እርሱም ዐውደ ማኅተም ይባላል። ዕለቱም፥ ወንጌላዊውም፥ አበቅቴውም ሦስቱ አንድ ሆነው የሚገናኙትስ? እዚህ ላይ እንደ እኛ ያለ ጸሐፊ ቢሆን 28ን በ76 አባዝቶ 2128 ዓመት ብሎ በጻፈ ነበር። ሊቃውንቱ ግን 532 አሉ፤ ዐውደ ቀመር። በ28ም በ76ም ውስጥ አራቱ ወንጌላውያን አሉና፥ 2128 በ4 ሲካፈል 532 ይሆናል። በኤውክሊድስ መንገድ የሚሄድም ቢኖር፥ ከ76 28 ሲቀነስ 48፥ እንደ ገና 20፤ ከ28 20 ሲቀነስ 8፤ ከ20 8 ሲቀነስ 12፥ እንደ ገና 4፤ ከ8 4 ሲቀነስ 4፤ የጋራው ያው 4 ነው።

በእኛ ማኅበር ያጠፋነው ያው 4 መሆኑን ልብ ይሏል! 532ን በቃላችን ስናጥን፥ «የኔታ፥ ለምን 2128 አልሆነም?» ብለን አንድ ጊዜ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ጊደሯ ዛሬ አያት በሆነች ነበር።

የዐውደ ቀመሩን እውነትነት ለማየት የሚወድ አንባቢ ቢኖር፥ በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ቀን ነው። ከዚያ 532 ዓመት ወደ ኋላ ብንሄድ 1485 ዓ.ም. ይሆናል፥ የዓፄ እስክንድር ዘመን ነው፤ በዚያም ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። ወደ ፊት ደግሞ በ2549 ዓ.ም. እንዲሁ ይውላል። በዓመተ ዓለም ሲቈጠር በ2017 ዓ.ም. ላይ 5500 ተጨምሮ 7517 ነው፤ 14 ዐውደ ቀመር ተፈጽሞ 69 ዓመት ይተርፋል። 14ኛው የተፈጸመው በ1948 ዓ.ም. ነው፤ አሁን ያለንበት 15ኛው በ2480 ዓ.ም. ይፈጸማል።

ከዚህ ታላቅ ቍጥር ወደ ማዕድ ቤት እንውረድ። ስድስት እንግዳ ይምጣ ስምንት ያልታወቀ እንደሆነ፥ ድፎ ዳቦውን በስንት ቍራሽ መቍረስ ይገባል? በ24 ነው። ስድስት ቢመጡ ለእያንዳንዱ 4 ቍራሽ፥ ስምንት ቢመጡ 3 ቍራሽ ይደርሳል፤ የሚተርፍም የሚጐድልም የለም። በ48 ቢቈረስም ለሁለቱ ይስማማል፤ ግን ዳቦው ፍርፋሪ ሆኖ ይቀርባል። ከብዜቶቹ ትንሹ የሚፈለገው ስለዚህ ነው።

የገበያና የወር በዓልም እንዲሁ ነው። ገበያ በየ7 ቀኑ፥ የወር በዓል በየ30 ቀኑ ይመላለሳል። 7 እና 30 የጋራ የላቸውምና በ210 ቀን፥ ማለት በ7 ወር ይገናኛሉ። ሚካኤል በገበያ ቀን ከዋለ፥ የዛሬ 7 ወር ደግሞ በገበያ ቀን ይውላል፤ በዚያ ቀን ተራ ያለበት ቤት የሚያስፈልገውን ባለፈው ገበያ መግዛት ይገባዋል። ነገር ግን በመካከሉ ጳጉሜን ከገባች ይህ ሒሳብ ይፈርሳል። ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ድረስ 35 ቀን ነው፥ ልክ 5 ሳምንት፤ ስለዚህ የነሐሴው ሚካኤል በገበያ ቀን ከዋለ የመስከረሙም በገበያ ቀን ይውላል፥ 7 ወር አይጠብቅም። በሉቃስ ዓመት መጨረሻ ግን 36 ቀን ይሆንና በአንድ ቀን ያልፋል። ሒሳቡ የሚያገለግለው ዙሩ እኩል ሆኖ ሲሄድ ብቻ መሆኑን ሳንነግር ብንቀር አንባቢን እንበድላለን።

በሥራችን ደግሞ ይኸው ቍጥር ሰውን ከሙግት ሲያድን አይተናል። በአንድ ማሳ የተባበሩ ሰዎች፥ አንደኛው ሲሶ፥ ሁለተኛው ሩብ፥ ሦስተኛው ከስድስት አንድ እጅ ሊወስዱ፥ የቀረው ለባለ ማሳው ሊሆን ይዋዋላሉ እንበል። በአውድማው 36 ቁና እህል አለ። የመጀመሪያው ሲሶውን 12 ቁና ወሰደ። ሁለተኛው ከቀረው ከ24 ሩቡን 6 ቁና ተሰፈረለት፤ ሦስተኛውም ከቀረው ከ18 ስድስተኛውን 3 ቁና ወሰደ። ሁሉም «በውሌ ወሰድሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሌሊት ሲያስበው ግን እንቅልፍ ያጣል። ምክንያቱም ውሉ ከመላው እህል እንጂ ከቀሪው አልነበረም። ለሁለተኛው 9፥ ለሦስተኛው 6 ቁና ይገባ ነበር፤ ባለ ማሳው በ9 ፈንታ 15 ቁና ይዞ ቀርቷል። ይኸንን ለማስወገድ የሦስት፥ የአራትና የስድስት ትንሹን የጋራ ብዜት መፈለግ ይበቃል፤ 12 ነው። 12 ቁና በተሰፈረ ቍጥር ለአንደኛው 4፥ ለሁለተኛው 3፥ ለሦስተኛው 2 ቁና፥ ለባለ ማሳው 3 ቁና እየለዩ ማኖር ነው። እህሉ 36 ቢሆን ሦስት ጊዜ መስፈር ነው። ይኸን ለማድረግ ፊደል የቈጠረ ሰው አያስፈልግም፤ ሁሉም ቆሞ እያየ ይፈጸማል፤ ወደ ጸሐፊ የሚመጣም ክስ አይኖርም።

ስለ ማኅበራችን የቀረውን እንናገር። በ2008 ዓ.ም. በነሐሴ አዲስ የተጋቡ ጎረቤቶቻችን በማርያም ማኅበር ለመግባት ለመኑ። እኛም ያን ጊዜ ትምህርቱ ትኩስ ነበርና በጕባኤው መካከል ወረቀት አወጣን። ማኅበርተኛው 6 ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ተራዎች በየዓመቱ ይገናኙብን ነበር። 9 ሲሆን ከ12 ጋር የጋራው 3 ነው፤ 108 በ3 ሲካፈል 36 ወር፥ ሦስት ዓመት ይሆናል። 10 ቢሆን 60 ወር፥ አምስት ዓመት ነው። 11 ቢሆን ግን ከ12 ጋር ምንም የጋራ የለውምና 132 ወር፥ 11 ዓመት ሙሉ ዐረፍን ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ቤት ቢጨመር መልካም እንደሆነ አሳሰብን። የማኅበሩ ሙሴ ስቀው፥ «የእመቤታችንን ጽዋ የሚጠጣ በፍቅሩ ይመጣል እንጂ እርስዎን ለማሳረፍ አይመለመልም» አሉን። ማኅበሩም 9 ቤት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የማርያም ተራ ሚያዝያ፥ ጥር፥ ጥቅምት፥ ሐምሌ እያለ ይመጣል፤ በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ተገናኘ፥ በ2014 ዓ.ም. ሐምሌም ተገናኘ። በመካከሉ በአገራችን ብዙ መከራ ቢያልፍም ጽዋው አልተቋረጠም። 2014 ደግሞ በመጀመሪያው ወረቀታችን ላይ የጻፍነው ዓመት መሆኑን ባለቤታችን አስታወሰችን፤ እኛም «እንግዲያስ አልተሳሳትንም ነበር» ብንላት አልሳቀችም። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ሲደርስ ለሁለቱም የሚበቃ ገብስ ከኅዳር ጀምሮ በተለየ ጎታ ተቀምጦ ስለ ነበረ፥ ከብት ሳንሸጥ ብድርም ሳንገባ ተፈጸመ።

የሚቀጥለው መገናኘታቸው በ2020 ዓ.ም. ሐምሌ ነው። ይኸንን ጽሑፍ ወደ ጋዜጣው ከመላካችን በፊት ቍጥሩን ለባለቤታችን አነበብንላት። ጣቷን እያጠፈች ከመጀመሪያው ጀምራ ቈጠረችና፥ «አዎን፥ ይላኩት» አለችን።